ነፋስ፣ ውኃ፣ አባን፦ ከጅቡቲ እስከ በርበራ የጀልባ ጉዞ ድሮ እንዴት ይታሰብ ነበር

ከጅቡቲ ወደ በርበራ በትንሽ ሞተር ጀልባ ዕቃ ለማስኬድ ያሰበ ነጋዴ ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። የድሮዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ወሩን ነበር። ሰዓቱም፣ ኪራዩም፣ የጀልባዋ ስፋትም ከወሩ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ነበሩ። እኛ በዚህ መስመር ልብስና ሽቶ፣ ዱቄትና ዘይት የምናመላልስ ሴቶች ይህን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርነው ለዕውቀት ብቻ ብለን አይደለም። ዕቃችን፣ አንዳንዴም በዱቤ የወሰድነው የሰው ዕቃ፣ የሚጫነው በዚሁ ባሕር ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መስመሩ እንዲህ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ ሎያዳን በቀኝ ትቶ ዘይላ ለመድረስ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ከዘይላ ሉግሃያ 90፣ ከሉግሃያ ቡልሃር 60፣ ከቡልሃር በርበራ ሌላ 60 ያህል። ካርታ ላይ ሲያዩት አጭር ነው፤ ችግሩ መሐል ላይ መጠለያ አለመኖሩ ነው። የዘይላ ባሕር ጥልቀት የለውም፣ ፊት ለፊቱም የሳዕደዲን ደሴቶችና የኮራል ድንጋዮች አሉ፤ ትልቅ መርከብ ከሩቅ ቆሞ ጭነቱን በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያራግፈው። ሉግሃያና ቡልሃር ደግሞ ለባሕሩ የተጋለጡ ዳርቻዎች ናቸው፤ ነፋስ ከተነሣ መልሕቅ ጥሎ መጸለይ ነው። በርበራ ብቻ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋች የአሸዋ ምላስ አለቻት። ከእሷ ጀርባ ውኃው ይረጋል።

ይህችን የአሸዋ ምላስ ከ1900 ዓመት በላይ በፊት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ሳይቀር ያውቃታል። የጸሐፊው ስም አልቀረልንም፣ አጻጻፉ ግን የነጋዴ ነው፦ ወደቡ የት እንዳለ፣ መልሕቅ የት እንደሚጣል፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ምን እንደሚገዛ። ማላኦ የሚላት ወደብ በርበራ ናት ተብላ ትታመናለች። አቫሊቴስ ያላትን ደግሞ ብዙዎች ከዘይላ አካባቢ ያደርጓታል። የዚያች አገር ሰዎች ቅመም፣ ጥቂት የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና ምርጥ ከርቤ ይዘው ራሳቸው በትንንሽ ታንኳ ወደ ዓረብ ዳር ይሻገሩ እንደነበር ጽፏል። ይህን ልብ በሉልን። የትንሽ ጀልባ ንግድ ከውጭ የመጣልን ነገር አይደለም፤ የዚህ ዳርቻ ሰው የቆየ ሥራ ነው።

ወሩ ለምን እንዲህ ከበደ? ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ከሰኔ በኋላ ይገለበጥና በዚህ ዳርቻ ከየብስ ወደ ባሕር የሚወርድ፣ አሸዋ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ ይሆናል፤ ጅቡቲ ኸምሲን፣ በርበራ ደግሞ ኸሪፍ ይሉታል። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ አታላይ ነው። ዳር ላይ ቆሞ ለሚያየው ውኃው ጠፍጣፋ ነው፣ ማዕበሉ የሚጀምረው ራቅ ሲሉ ነው። ሞተር ከጠፋ ጀልባዋን ወደ ዳር አይመልሳትም፣ ወደ መሐል ይዟት ይሄዳል።

የበርበራ ታላቅ ገበያም በዚሁ ነፋስ የሚከፈትና የሚዘጋ ነበር። በ1840ዎቹ ኤደን ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ክራተንደን እንደጻፈው፣ በበጋው ሙቀት በርበራ ሰው የማይኖርባት ባዶ ዳርቻ ነበረች። ጥቅምት ሲገባ ግመሎች ከላይ ይወርዳሉ፣ ከእንጨትና ከምንጣፍ የተሠሩ ጎጆዎች ይተከላሉ፣ የሐረር ቅፍለት ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም ለባርነት የሚሸጡ ሰዎችን ይዞ ይደርሳል። ከባሕሩ በኩል የሚመጡት ተራ ነበራቸው፤ ለእኛ ለነጋዴዎች የሚጥመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቀድመው የሚደርሱት የየመን ትንንሽ ጀልባዎች ነበሩ። የማስቀትና የሱር ትልልቅ መርከቦች ሁለትና ሦስት ሳምንት ዘግይተው፣ ሀብታሞቹ የፖርባንደርና የቦምባይ ባንያኖች ደግሞ ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ። ትንሹ ጀልባ በካፒታል ከባንያን ጋር አይወዳደርም፤ ትርፉ ዋጋ ሳይወደድ ቀድሞ መግዛቱ ነበር። እኛ ዲፕሎማ ስንማር ይህን የገበያ ዑደት አሉን፤ የሞካ ልጅ ግን ከነፋሱ ተምሮታል። ሚያዝያ ላይ ጎጆው ፈርሶ ግመል ላይ ይጫናል፣ ያልሸጠም ይሄዳል።

ከወሩ ቀጥሎ የሚታሰበው አባን ነበር። ከውጭ የመጣ ነጋዴ መሬት ሳይረግጥ ከሶማሊዎቹ አንዱን አባን ያደርጋል። አባን ደላላ፣ አስተርጓሚና ዋስ በአንድ ሰው ነው፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻውን ይወስዳል፣ እንግዳው ቢነካ ግን ተጠያቂው እሱና ጎሣው ናቸው። ዛሬ ትራንዚተር የምንለው ሰው የሥራውን ግማሽ ወርሷል። ዋስትናውን ግን አልወረሰም።

ወሩ ካለፈ በኋላ የቀረ ሰው ምን እንደሚያገኘው ሪቻርድ በርተን ይመሰክራል። በርተን በጥቅምት 1854 ከኤደን በመርከብ ዘይላ ገብቶ፣ ሐረር ደርሶ ተመልሷል። በሚያዝያ 1855 ግን ከጓደኞቹ ጋር በርበራ ሰፍሮ ሳለ ገበያው ተበተነ፣ መርከቦቹም ሄዱ፣ እነሱ ቀሩ። ኤፕሪል 19 ከመንጋቱ በፊት ጥቃት ደረሰባቸው፤ አንዱ ሞተ፣ ስፒክ ክፉኛ ቆሰለ፣ በርተንም ጉንጩን በጦር ተወጋ። ያዳነቻቸው ዋዜማውን ከኤደን በአጋጣሚ የደረሰች አንዲት ትንሽ ጀልባ ናት። ማታ ባለጀልባውንና ሠራተኞቹን እራት ጋብዘዋቸው ስለነበር ጀልባዋ ወዲያው አልሄደችም። እንግሊዞች በዚህ የተነሣ በርበራን በመርከብ ዘጉ፤ ውል እስኪፈረም እስከ 1856 ድረስ ዋጋውን የከፈለው ነጋዴው ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ውኃስ? ኢብን ባጡታ በ14ኛው መቶ ዘመን ዘይላ ሲደርስ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከብ ላይ ማደርን መርጧል። ሰው የሚስቅበት ታሪክ ነው፤ ግን በዚያች ከተማ ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ ከውጭ ካሉ ጉድጓዶች በግመል የሚመጣ ነበር። በርበራን ግብፆች በ1870ዎቹ ሲይዙ ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ ከዱባር ምንጭ ውኃ በቧንቧ ማምጣት ነው። ወደብ የሚሆነው ቦታ ባሕሩ ብቻ ሳይሆን ውኃውም የሚወስነው ነበር። በኋላ ፈረንሳዮች በ1888 ጅቡቲን ቆረቆሩ፣ ባቡሩም በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ዘይላ ይወርድ የነበረው የሐረር ዕቃ ወደ ሐዲዱ ዞረ፤ ዘይላም ከዚያ ወዲህ አላገገመችም።

ሞተሩ ሲመጣ ሰዎች ወሩ የተሻረ መሰላቸው። ሂሳቡን እንሥራው። 40 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተጭኖ ሲነዳ በሰዓት 15 ሊትር ያህል ቤንዚን ይበላል። የተጫነች ጀልባ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው መንገድ 13 ሰዓት፣ ወደ 200 ሊትር ማለት ነው። መጠባበቂያ ግማሹን ጨምሩ፤ 300 ሊትር፣ አንድ በርሜል ተኩል። ክብደቱ ከሁለት ኩንታል ያልፋል። ለአራት ሰው ለስድስት ቀን የሚበቃ ውኃ ሌላ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። ይህ ሁሉ ከጭነታችን ላይ የሚቀነስ ነው፤ ብዙዎች ግን አይቀንሱም፣ ይደርባሉ። ከኦቦክ በስተሰሜን በ2024 ኤፕሪል፣ ከየመን ሰው ጭነው የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች በጎዶርያ አካባቢ ተገልብጠው በደርዘን የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። እነሱ ሸቀጥ አልነበሩም፣ ምርጫም አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን።

ስለዚህ ጉዞውን በሰዓት ሳይሆን በጠዋት እንቆጥረዋለን። በክረምቱ ወራት በፍጹም አንጭንም፤ በደህናው ወቅትም ነፋሱ ከፊት ስለሆነ ቀትር ላይ ባሕሩ ሳይነሣ መድረስ ያስፈልጋል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ረፋድ ላይ ዘይላ፤ እዚያ የጉምሩኩን ወረቀት ጨርሶ፣ ውኃ ሞልቶ ማደር። በማግሥቱ እንዲሁ ሌሊት ተነሥቶ ሉግሃያ፣ በሦስተኛው ቡልሃር፤ በሁለቱም ቦታ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ በስልክ የሚጠብቅ የአገሩ ሰው ይኑር። ነፋስ ካለ አንድ ቀን መጨመር ነው፤ የስድስት ቀን ውኃ የተጫነው ለዚያ ነው። በአራተኛው ጠዋት የአሸዋዋ ምላስ ከፊት ትታያለች፤ በቀጥታ አይገባም፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ክፍቱ በምዕራብ በኩል ነው።