የጨዋታ ዳገት

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ ዳገት አያጣም፤ ግን ዳገቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ አይጠብቀውም። በኮኪት አድርጎ እስከ ገንዳ ውሃ ድረስ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ቆላ ነው። ከዚያ መሬቱ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ጭልጋን ይዞ ወደ አይከል ሲጠጋ ግን ሞተሩ ያቃስታል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል።

የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች «ዲፊከልቲ ከርቭ» የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ጨዋታው ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እየከበደ እንደሚሄድ። ቃል በቃል «የአስቸጋሪነት ኩርባ» ማለት ይቻል ነበር። እኔ አልወደድኩትም፤ ኩርባ ለእኛ ሾፌር መሪ የሚጠመዝዝበት ቦታ ነው። ነገር ለከበደው ሰው ግን «ዳገት ሆነበት» እንላለን። ስለዚህ «የጨዋታ ዳገት» ይባል።

ዳገቱ ጎልቶ የሚታየው ከእርከን እርከን እየተዘለለ በሚታለፍባቸው ጨዋታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ገና ሲጀመር እንጉዳይ የመሰለ ጠላት ቀስ እያለ ወደ ተጫዋቹ ይመጣል። ያልዘለለ ይሞታል፤ መነሻው ላይ ስለሆነ ግን ምንም አልከሰረም። በሁለተኛው ሙከራ መዝለልን ያለ አስተማሪ ተማረ። ጨዋታው ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል (ከመጫወቻ መሣሪያው ጋር ተጣምሮ ይሸጥ እንደነበርም አይረሳ)።

በዓመቱ ጃፓን ውስጥ የወጣው ተከታዩ ግን ሜዳውን ዘልሎ ከጭልጋ አቀበት እንደሚጀምር መንገድ ነው። መርዛማ እንጉዳይ ሳይቀር ጨመሩበት። የሠሪው ኩባንያ የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ «ይህስ ይከብዳል» ብሎ ተወው፤ በ1988 ሌላ የጃፓን ጨዋታ የማሪዮን መልክ ለብሶ በሁለተኛነት ቀረበ። ያ ከባዱ አሜሪካ የደረሰው በ1993፣ በስብስብ ውስጥ ገብቶ ነው።

ከባድ ጨዋታ አይወደድም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴሌስት ተራራ ስለምትወጣ ወጣት ነው፤ ተጫዋቹ በመቶዎች ጊዜ ይሞትበታል። ሆኖም በሞተ ቅጽበት እዚያው ክፍል ላይ ይነሳል፤ የወደቀውም በራሱ ስህተት እንደሆነ ያውቀዋል። ሰውን የሚያስኮርፈው የዳገቱ ርዝመት ሳይሆን ድንገት ገደል መሆኑ፣ ወድቆም ከመተማ እንደገና ጀምር መባሉ ይመስለኛል።

ደግሞ ዳገት እንደሚወጣው ሰው ነው። በመተማ እርሻዎች ቆላውን ለምዶ እዚያው የቀረውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ከደጋ ለአጨዳ ገና የወረደውን ልጅ የሚጥለው ሙቀት ለሳሉጉ የዘወትር ነው፤ ማሳው ግን ያው አንድ ማሳ ነው። የሴሌስት ሠሪዎችም ይህን አስበው የጨዋታውን ፍጥነት የሚቀንስ አማራጭ አኑረዋል። ለሳሉጉ እንዳለ ይተዉታል፣ ለእንግዳው ይደለድሉለታል።

በአጠቃቀም ረገድ፣ «የዚህ ጨዋታ ዳገቱ ለስላሳ ነው»፣ «አራተኛው ደረጃ ላይ ገደል ሆነብኝ» ማለት ይቻላል። የጌም ሠሪው የቅኔ ጌምስ ሥራ የሆነችው ኩኩሉ፣ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ያለባት ጨዋታ፣ ከእርከን ጨዋታ ይልቅ ለሩጫ ብትቀርብም «ዳገቷ እንዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ያስኬዳል።