ሜትፎርሚን የተጀመረበት ዓመት

ካዛንቺስ አጠገብ ያለው ዘውዲቱ ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራላቸው ንግሥት ራሳቸው ስኳር ነበረባቸው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ባለቤታቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ከወደቁ ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ሰው ሐዘን ገደላቸው ይላል። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩት ሴት ግን ያ ታሪክ ሲነሣ የሚታየኝ ስኳሩ፣ ያኔ የያዛቸው ትኩሳትና ጾሙ በአንድ ሰውነት ላይ መገናኘታቸው ነው።

ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ያኔ ነበረ። ደብሊን ውስጥ የተቀመመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ለስኳር እንደሚሆን ግን ማንም ልብ አላለም። ዣን ስተርን የተባለ ሐኪም ፓሪስ ላይ ለሕመምተኞች ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። አሜሪካ እስክትፈቅደው እ.ኤ.አ. 1994 ደረሰ። ዛሬ በዓለም ላይ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በመጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። መልካም መድኃኒት ነው፤ ስንቱን ሰው እንዳቆመ አይቻለሁ።

ጉድለቱም ቢሆን አዲስ ወሬ አይደለም። ቤልፋስት ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1971 ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ 71 ሰዎችን መርምረው፣ 21ዱ ቫይታሚን ቢ12ን በደንብ እንደማይመጥጡ አሳተሙ። ቢ12 ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ሲሆን ለዚያም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ እዚያ ላይ ያውከዋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስላለው ጉዳቱ ቶሎ አይታይም።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። የቂርቆስ እናቶች ደግሞ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን ይጾማሉ። ሕመምተኛ ጾሙን እንዲገድፍ ቤተ ክርስቲያን ብትፈቅድም እሺ የሚሉት ጥቂት ናቸው፤ በፍስኩም ቀን ቢሆን ሥጋው ከየት ይመጣል? ጾም ብቻውን ስንቁን ቶሎ አይጨርሰውም። ከመድኃኒቱ ጋር ዓመታት ሲደራረቡ ነው የሚያሰጋው።

አንዲት የሰፈራችን እናት «ልጄ፣ ስኳሩ እግሬ ውስጥ ገባ፤ ሌሊት እንደ በርበሬ ይለበልበኛል» አሉኝ። ስኳር ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ የቢ12 ማነስም እንዲሁ ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል። በአፍ ሲነገር አይለዩም። ደም ማነስ ስለሌለ ብቻም ነገሩ የለም አይባልም፤ ነርቭ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ማነሱ በጊዜ ከታወቀ በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል፤ ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተጎዳ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ሜትፎርሚን ለሚወስዱ ሰዎች ቢ12 በየጊዜው እንዲለካ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከቤልፋስቱ ጽሑፍ 46 ዓመት በኋላ! የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2022 ማሳሰቢያ አወጣ።

«እማማ፣ መድኃኒቱን ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?» ስላቸው «ኧረ ከሚሊኒየሙ በፊት ነው!» አሉኝ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከተማው ዳር ድረስ ተበተኑ፤ አዲስ ጤና ጣቢያ፣ አዲስ ካርድ። ስለዚህ ለሚደውሉልኝ ሁሉ የምላቸው አንድ ነው፦ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የጀመራችሁበትን ዓመትና በቀን የምትውጡትን መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ለአዲሱ ሐኪም ስጡ፤ ቢ12 ይለካልኝ በሉ።