ፈንጣጣን ፍለጋ በበቅሎ

ላሊበላንና ጎንደርን ለማየት አውሮፕላን ይበቃል። ፈንጣጣን ለመፈለግ ግን በእግር መሄድ ግድ ነበር።

ኬኔዲ በ1961 ያቋቋሙት፣ እኛ «ሰላም ጓድ» የምንለው ድርጅት በ1962 ወጣት አስተማሪዎችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እነሱ ትምህርት ሲዘጋ አገር ያያሉ። በ1971 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ግን ሥራው ራሱ ጉዞ ሆነ። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖር፣ በጎ ፈቃደኞቹ ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። ገበያና ትምህርት ቤት እየገቡ የበሽተኛ ፎቶ ያሳያሉ፤ «እንዲህ የሆነ ሰው አይታችኋል?» አየሁ የሚል ከተገኘ እዚያ መንደር ሄደው በዙሪያው ያለውን ሰው ይከትባሉ።

ሁሉም እጁን አልሰጠም። ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ የቆየ ልማድ ነበር። ስለዚህ የራሴ እያለኝ የፈረንጅ መርፌ ምን ያደርግልኛል ያለው ገበሬ አላዋቂ አልነበረም። የድሮው ዘዴ ይሠራል፤ ችግሩ፣ በሽታውንም ያዛምታል። ይህን በእርጋታ ለማስረዳት ቋንቋውንም ሰዉንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የኢትዮጵያዊው ባልደረባ ሥራ ነበር።

በ1976 ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ላይ፣ በተፈጥሮ የሚተላለፈው ፈንጣጣ ከዓለም ጠፋ።

እናንተም ሰው አገር ሄዳችሁ በነፃ ልታገለግሉ ካሰባችሁ፣ ከሚጎበኘው ቦታ በፊት አብሯችሁ ስለሚሠራው የአገሬው ሰው ጠይቁ። እናንተ ስትመለሱ እሱ እዚያው ነው።