ተሳላሚ የት ያድራል?

እናቴን ይዤ ግንቦት ላይ ኢየሩሳሌም ልንሳለም ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ዕቁብ ከወጣልኝ ወዲህ ግን ወሬ መሆኑ ቀርቶ ፓስፖርት ማሳደስ፣ የጉዞ ወኪል ቤት መመላለስ፣ የቤቱን ቁልፍ ለማን እንደምንተው መማከር ሆኗል። በዚህ መሀል ስለ ድሮ ተሳላሚዎች የተጻፈውን ሳገላብጥ አንድ ነገር ልቤን ያዘው። የኢትዮጵያውያን የኢየሩሳሌም ጉዞ ሲተረክ ሁልጊዜ በረሃው፣ ሽፍታው፣ ማዕበሉ ይወራል። የታሪኩ እምብርት ግን ለእኔ ሌላ ቦታ ነው፤ ሰው እዚያ ደርሶ የት ያድራል በሚለው ጥያቄ ላይ።

የመንገዱን ነገር በአጭሩ ልበል። ዛሬ ከቦሌ ቴል አቪቭ ለመድረስ አራት ሰዓት ገደማ ይበቃል። የጥንቱ ተሳላሚ ከጎንደር ወይም ከላስታ ተነስቶ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ ሱዋኪን ይወርድ ነበር። በቀይ ባሕር በጀልባ ተጉዞ ግብፅ ይገባል፤ ከካይሮ ደግሞ ከግመለኞች ጋር ተጠግቶ የሲናን በረሃ ያቋርጣል። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው። ከቤቱ ሲወጣ ለነፍስ አባቱ ተናዞ፣ ያለውን ለልጆቹ አውርሶ ነው፤ በመንገድ የሞተው፣ ተይዞ ለባርነት የተሸጠውም ብዙ ነበርና። በ1869 እ.ኤ.አ. የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ በ1892 ከያፋ ወደብ እስከ ኢየሩሳሌም ባቡር ገባ፤ የጅቡቲው ባቡር ደግሞ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የወራቱ መንገድ የሳምንታት ሆነ። ያኔም ቢሆን ያፋ ላይ መርከቡ ከዳር ርቆ ይቆምና መንገደኛው በትንሽ ጀልባ በቋጥኞች መሀል ሾልኮ ነበር የሚወርደው።

ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የሚጠብቀው ማደሪያ ዴር ሱልጣን ነው። ቦታው በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ከቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት በላይ ይገኛል። አምና ሄደው የመጡ ጎረቤታችን በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ ደጋግመው አሳይተውናል፤ እናቴ በሁለት ጣቷ እያሰፋች ታየዋለች። በጭቃ የተለሰኑ ትንንሽ ጎጆዎች፣ ጎንበስ ካላሉ የማያስገቡ በሮች፣ በግቢው መሀል ለታችኛው ቤተ ጸሎት ብርሃን የሚያስገባ ጉልላት። ሁለት አብያተ ጸሎት አሉ፤ የአርባዕቱ እንስሳ ከላይ፣ የቅዱስ ሚካኤል ከታች። በሁለቱ ውስጥ የሚያልፈው ጠባብ ደረጃ ወደ ጎልጎታ አደባባይ ያወርዳል። ንጉሥ የላከው መልእክተኛም ሆነ የገጠር ባልቴት ከአገር ወጥተው «ቤቴ» ብለው የሚገቡበት ይህ ጣሪያ ነበር።

ይህ ቤት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1838 እ.ኤ.አ. ከተማው ላይ ወረርሽኝ ወርዶ በዴር ሱልጣን የነበሩትን መነኮሳት ከጥቂቶች በቀር ፈጃቸው። መጻሕፍታቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ። ከብራናው ጋር የይዞታ ማስረጃውም ነደደ፤ ከግብፅ ቅብጦች ጋር እስከ ዛሬ ለዘለቀው ክርክር ኢትዮጵያውያን ወረቀት አልባ ሆነው የቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን መነኮሳቱ ከአርመን ገዳም በሚሰጣቸው ዳቦ ይኖሩ እንደነበር ሳነብ ከልቤ አዝኛለሁ። በ1970 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት የሁለቱ አብያተ ጸሎት በሮች ቁልፍ ተለውጦ ወደ ኢትዮጵያውያኑ እጅ ገባ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት ለቅብጦቹ ይመለስ ቢልም መንግሥት ውሳኔውን አቆየው፤ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያደረጉት ነገር ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ብልሃት ነው። በከተማው ቅጥር ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት ነኝ ባይ አለው፤ ከቅጥሩ ውጭ ግን መሬት በገንዘብ ይገዛል። ንጉሡ ገንዘብ ላኩ፣ ከቅጥሩ በስተ ምዕራብ መሬት ተገዛ፣ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተጀመረ። ንጉሡ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። እንደ አገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው፤ መቅደሱ መሀል፣ ቅኔ ማሕሌቱ ዙሪያውን። መንገዱም የኢትዮጵያ ጎዳና ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ወዲያ እቴጌ ጣይቱ ቤት አሠሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በነቢያት ጎዳና ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል በፊቱ ያለበትን ሕንፃ አሠሩ፤ መኳንንቱና ባለጸጎቹም ተከተሉ። ለጌጥ አልነበረም። ቤቱ ተሳላሚ ያሳድራል፣ ኪራዩ መነኮሳቱን ያበላል። ከሰው እጅ ዳቦ መጠበቅ ያበቃው በዚህ ነው።

የእኛ ሰፈር የአየር ጤናዋም ታቦት ኪዳነ ምሕረት ናት። እናቴ ወር በገባ በ16 ቀን አትቀርም፤ እዚያም ኪዳነ ምሕረትን እንደምታገኝ ስነግራት ጉዞው ቀለላት፤ ዘመድ ቤት የምትሄድ ያህል።

የማደሪያ ነገር ከኢየሩሳሌምም ያልፋል። በ1441 እ.ኤ.አ. ለፍሎሬንስ ጉባኤ መልእክተኞች የላኩት በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ነበሩ፤ እዚያ ቤት ስለነበረን አውሮፓ ሊያገኘን ቻለ። ሮም ላይም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለኢትዮጵያውያን ማረፊያ ሆነ። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመሩ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ቤት ከጀርመናዊው ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ መሠረቱ ተጣለ። ተሳላሚ የሚያድርበት ቤት ባይኖር ይህ አንዱም አይሆንም ነበር።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ሲነሱ መጀመሪያ ያመሩት ወደ ኢየሩሳሌም ነው። ትንሣኤን እዚያ አክብረው፣ የዴር ሱልጣንን ነገር ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋግረው፣ ከዚያ ነው ወደ አውሮፓ የተሻገሩት። በከተማው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ አርባ ልጆች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመንገዱን አኳኋን «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

ከ12 ዓመት በኋላ እኚሁ ሰው በዚያው መንገድ ተመለሱ፤ ያኔ ግን ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፣ ከኋላቸው ደግሞ ጣሊያን ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ደረሱ፤ ግንቦት 15 ቀን ወደ አውሮፓ እስኪሄዱ ኢየሩሳሌም ሰነበቱ። ያን ጊዜ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ለተሳላሚ የተሠሩት ቤቶች ስደተኛ አስጠጉ። አገር በጠፋ ጊዜ የአገር መሬት የተገኘው በኢየሩሳሌም መሆኑን ሳስብ፣ ያንን ገንዘብ የላኩትን ሁሉ እግዜር ይስጣቸው እላለሁ።

ወደ እኛ ጉዞ ልመለስ። ዘመዶቻችን «ለፋሲካ ካልሆነ ምኑን ተሳለማችሁት?» ብለውናል። የትንሣኤውን ብርሃን ለማየት የሚጎርፈውን ሕዝብ የእናቴ ጉልበት አይችለውም፤ ግንቦትን የመረጥነው አስበንበት ነው። በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ መንገደኛ የቀረበለትን ይበላል። እዚያ ዝናቡ አብቅቷል፣ ሐሩሩ ገና አልበረታም። ዕርገት ሐሙስን ደብረ ዘይት ተራራ ላይ እናከብርና ጰራቅሊጦስን በኪዳነ ምሕረት አስቀድሰን፣ የሰኔ ጾም እንደገባ አየር ጤና እንመለሳለን፤ ክረምቱ ጣሪያችንን ሳይፈትሽ ማለት ነው።

የጉዞ ወኪሉ ገንዳ ያለው ሆቴል በቅናሽ አለ ብሎኝ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ለኢትዮጵያ ጎዳና ቅርብ የሆነ የእንግዳ ማረፊያ እንዲፈልግልን ነገርኩት፤ እናቴ ለኪዳን በእግሯ እንድትደርስ። ዴር ሱልጣንም በገበያው በኩል ባለው ሰፊ ደረጃ ቀስ ብለን እንወጣለን፤ ጠባቡን ለመውረጃ እንተወዋለን። ከሁለቱ ሻንጣዎች አንዱ የመነኮሳቱ ነው። ሽሮው ተፈጭቶ በላስቲክ ታሽጓል፣ በርበሬው ጸሐይ ላይ ነው፣ ዳቦ ቆሎውን የማኅበሩ ሴቶች እሑድ ይጠብሱታል፤ ዕጣኑን እኔ ከመርካቶ አመጣለሁ።