የከብት ደስታና የተገደለው ቫይረስ
በሕዝብ ዘንድ «ደስታ» የሚባለው የቀንድ ከብት ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የኢትዮጵያ ከብት በመፍጀቱ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ለዘለቀውና «ክፉ ቀን» ለተባለው ረሃብ ዋነኛ መነሻ ሆነ። የራያ ቆላ፣ በተለይም የቆቦ ሜዳ፣ በበሬ የሚታረስ፣ በምሥራቅም ከአፋር ጋር ግጦሽና ገበያ የሚጋራ አገር በመሆኑ እንዲህ ላለ በሽታ የተመቸ መተላለፊያ ነው፤ በሬ ሲያልቅም ያ ሁሉ ለም መሬት ጦሙን ያድራል።

ይህን በሽታ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1897 ኮሌና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ አፍሪካ ከዳነ ከብት የተወሰደ የደም ውኃን (ሴረም) ከበሽታው ሕያው ቫይረስ ጋር አንድ ላይ መውጋትን አስተዋወቁ፤ ዘዴው ቢያድንም በሽታውን ራሱን የማዛመት አደጋ ነበረበት። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተመራማሪዎች የታመመ ጥጃን ጣፊያና ንፍፊት ፈጭተው ቫይረሱን በፎርማሊን ወይም በክሎሮፎርም መግደልን ሞከሩ። የተገደለው ክትባት በሽታ አላስነሣም፤ ጥበቃው ግን አጭር ነበር፣ አንድ ጥጃም የሚበቃው ለጥቂት ከብት ብቻ ነበር።

የጥበቃው ማጠር ምክንያት የተብራራው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ቲ ሕዋስ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቫይረስን የሚለዩበት መንገድ ሲታወቅ ነው። ቲ ሕዋስ ቫይረሱን እንዳለ አያየውም፤ ሌላ ሕዋስ የቫይረሱን ፕሮቲን ቆራርጦ፣ ኤምኤችሲ በተባለ ተሸካሚ ሞለኪውል ላይ አድርጎ በገጹ ሲያወጣለት ብቻ ያውቀዋል፤ አንቲጂንን ማቅረብ የሚባለውም ይኸው ነው። ሕያው ቫይረስ በሕዋሱ ውስጥ ስለሚባዛ ፕሮቲኑ በአንደኛው መደብ ኤምኤችሲ ወጥቶ የተለከፈ ሕዋስን የሚገድሉትን ቲ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። የተገደለው ግን ከውጭ እንደ ተዋጠ ባዕድ ነገር ስለሚፈጭ በአብዛኛው በሁለተኛው መደብ ይቀርባል፤ አጋዥ ቲ ሕዋሳትን ያነቃል፣ ገዳዮቹን ግን እምብዛም።

አገዳደሉም ራሱ ለውጥ ያመጣል። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስር ሕዋሱ ሊቆራርጣቸው ይቸገራል፤ ጨረርና ቢኢአይ የተባለው ኬሚካል ደግሞ በዋናነት የሚመቱት የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ስለሆነ ሽፋኑ ብዙም ሳይነካ ይቀራል። ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ያሳየው የደስታ ቫይረስ ዘመድ የሆነው ኩፍኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 በአሜሪካ በፎርማሊን በተገደለ ክትባት ከተከተቡት አንዳንዶቹ፣ ቆይተው ለኩፍኝ ሲጋለጡ ከተለመደው የተለየና የከፋ ሕመም አገኛቸው።

ደስታን ያጠፋው እንግዲህ ሕያው ክትባት ነው። ፕላውራይት የተባለ ተመራማሪ ኬንያ በሚገኘው ሙጉጋ፣ በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሳት ውስጥ ደጋግሞ በማራባት ያዳከመው ቫይረስ በአንድ መርፌ ረጅም ጥበቃ ሰጠ፤ ነገር ግን ቅዝቃዜ ይሻ ስለነበር ለቆላ አልተመቸም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የደረቀ ክትባት ከአርብቶ አደሮቹ መካከል በሠለጠኑ ከታቢዎች እጅ ከራያ ማዶ ወዳለው የአፋር በረሃ ደረሰ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝም እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው አፋር ውስጥ ታየ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዓለም ከደስታ ነጻ ተባለ። በቢሾፍቱ የሚመረተው የሌላው የከብት በሽታ፣ የአፍተ እግር ክትባት ግን ዛሬም የሚሠራው ከተገደለ ቫይረስ በመሆኑ በየጊዜው መደጋገም አለበት፤ የዚህ በሽታ ቫይረስ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነና የአንዱ ክትባት ከሌላው ስለማያስጥል፣ ከብት አርቢው ክትባቱ ከየትኛው ዓይነት እንደሚከላከል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።