ጠመንጃው መጣ፣ ትምህርቱስ?

ወሎ ውስጥ አንድ አባወራ የመጀመሪያ ጠመንጃውን አስቦና አማክሮ የሚመርጥ ይመስላል። ታሪኩ ሲታይ ግን መራጩ እሱ አይደለም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወሎዬው የያዘው በደጁ ያለፈውን መሣሪያ ነው፤ የተሸነፈ ሠራዊት የጣለውን፣ ነጋዴ ከባሕር ያመጣውን፣ መንግሥት ለዘመቻ ያደለውን። ጠመንጃ ያልመጣበት ዘመን የለም። አያያዙን የሚያስተምር ግን አብሮት አልመጣም።

ነገሩ ከመቅደላ ይጀምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ጨምሮ መድፎቻቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ዛሬ ደቡብ ወሎ ወደምንለው አምባ አወጡ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሲከፈት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ባሩድ ከልኩ በላይ ተጨምሮበት ነበር። የሌሎቹም ጥይት በእንግሊዞቹ አናት ላይ እያለፈ ሄደ፤ ከከፍታ ወደ ታች ሲተኮስ ዒላማው እንዴት እንደሚስተካከል ተኳሾቹ በቂ ልምምድ አልነበራቸውም። እንግሊዞቹ ደግሞ ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን ሰናድር ይዘው ነበር። በዚያ ቀን ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መሣሪያው ብልጫ ነው። የልምምዱ ብልጫ ግን ቢያንስ የዚያኑ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃ እንደ ጎርፍ ገባ። ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ሬሚንግተኑ ለአሸናፊው ቀረ። በታጁራና በኦቦክ በኩል የፈረንሳይ ነጋዴዎች መጡ፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለምኒልክ ለመሸጥ ሸዋ ወጥቷል። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ባላገሩ አፍ ሲገባ «ውጅግራ» ሆነ፤ ማንሊከር «ምንሽር» ተባለ። ውጅግራ የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ ቃታውን የሚቆልፍ ነገርም የላትም። ጎርሳ ከተንጠለጠለች ባለቤቷንም ጎረቤቱንም እኩል ታሰጋለች።

በዚያ ዘመን ገዢው የሚያየው የጠመንጃውን ውበት አልነበረም፤ ጥይቱ በገበያ ይገኛል ወይ የሚለውን እንጂ። የውጅግራ ጥይት በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ገንዘብ የሆነን ነገር ደግሞ ለልምምድ የሚያቃጥለው ማን ነው? አብዛኛው ሰው ጠመንጃ የተማረው ሳይተኩስ ነው፤ አባቱን እያየ፣ ባዶውን እያነጣጠረ። ጥይቱ የሚወጣው ለዘመቻ፣ ለአደን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ነበር። የድግስ ተኩስ በሀገራችን ለምን ሥር እንደ ሰደደ የሚገርመው ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ገንዘብ መበተን ነበረች። ወደ ሰማይ የወጣችው ጥይት የሰው ራስ ላይ መውረዷን ያሰበበት አልነበረም።

ከደሴ ብዙም በማይርቀው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውልም ከጀርባው ጠመንጃ ነበረበት፤ ምኒልክ ከጣሊያን መሣሪያ ያገኙ ነበር፣ ያው መሣሪያ በኋላ አድዋ ላይ ዋለ። አውሮፓውያን በፈረንጆች 1890 ብራስልስ ላይ ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ተስማሙ። ኢትዮጵያ በስሟ መሣሪያ የማስገባት መብቷን የሚያረጋግጥ ውል የተፈረመላት ገና በ1922 ዓ.ም. ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ሲመጣ እንደገና ተከለከለች።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱ። ዘማቹ የያዘው ግን የየዘመኑ ቅራቅንቦ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው ጠመንጃ አይሆንም። ጠመንጃ የነበረው ብዙ ነው፣ የሚሆነው ጥይት የነበረው ጥቂት። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ተያዘች።

ክላሽ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሩ ለስንቅና ለመሳፈሪያ እየሸጠው ወደ ቤቱ ሄደ፤ እንደገና ያገሬው ሰው የገዛው ያለፈበትን መሣሪያ ሆነ። ክላሽ ከምንሽር የሚለየው በጥይት ብዛት ብቻ አይደለም። በቀኝ ጎኑ ያለችው ማንሻ ወደ ላይ ስትሆን ይቆለፋል። አንድ ደረጃ ዝቅ ስትል የሚመጣው ነጠላ ተኩስ አይደለም፣ ተከታታይ ነው፤ ነጠላው ከሁሉም በታች ነው። ይህ ለውጊያ ተብሎ የተሠራ ቅደም ተከተል ነው። በጨለማ ደንግጦ ማንሻዋን የሚነካ አባወራ አንዲት የማስጠንቀቂያ ጥይት ላሰማ ብሎ ግማሹን ካዝና ጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ሊያራግፈው ይችላል። ካዝናው ተነቅሏልና ባዶ ነው ማለትም ሌላው ስህተት ነው፤ የጎረሰችው ጥይት እዚያው ናት። ማቀባበያውን ስቦ በዓይን ማየት፣ አፈሙዙን ከሰው ማዞር፣ ጣትን ከቃታ ማራቅ፣ ጥይቱንና ጠመንጃውን ለየብቻ መቆለፍ አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ ትምህርት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ሲገቡ ጥያቄው የታሪክ መሆኑ ቀረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕዝቡ ያለውን ማንኛውንም መሣሪያ ይዞ እንዲዘምት ጠሩ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያ ያለው በሁለት ቀን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ከተሞቹ ኅዳር 27 ተመለሱ። «መሣሪያ ቢኖረኝ ኖሮ» የሚለው ቁጭት ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤት አለ፣ ሊናቅም አይገባም። ግን ጎረቤት ሰሜን ወሎ የሆነውም አብሮ ይታይ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ላይ ገበሬዎች ከተዋጉ በኋላ የሕወሓት ኃይሎች በበቀል ነዋሪዎችን ረሽነዋል። የቤት ጠመንጃ ሌባ ይመልሳል። ሠራዊት ሲመጣ ግን ባለቤቱን ከሲቪልነት አውጥቶ ተፈላጊ ሊያደርገው ይችላል። የገዛው ሰው ይህን አውቆ ይግዛ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪውም የፌዴራል ፖሊስ ነው። አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ዓመት «ያላችሁን ይዛችሁ ውጡ» ተባለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሣሪያ ማን ይያዝ የሚለው ራሱ የግጭት መነሻ ሆነ። በአንዱ ዓመት ታጠቅ፣ በሌላው አስረክብ። በሁለቱ መካከል እንዴት እንደሚያዝ የነገረው የለም። ደሴ ውስጥ ባጃጅ ለመንዳት እንኳ ማሠልጠኛ ገብቶ መፈተን ግድ ነው። ክላሹን የሚያስተምረው ዛሬም አባቱ ነው፣ እሱም ከምንሽር ዘመን በቀረው እውቀት።