የኋላው ስፒከር ለምን ዝም አለ?

ከሚሴ ባለው ሳሎናችሁ ዙሪያ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ተክላችሁ፣ ሰብዉፈሩን ጥግ አስቀምጣችሁ፣ የድሮ መንዙማ ከፈታችሁ እንበል። የፊቶቹ ሁለቱ ይጮሃሉ፤ የኋላዎቹ ጭጭ። ጠጋኝ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ታሪኩን ስሙ፤ ዕቃው ላይበላሽም ይችላላ።

የተቀዳ ድምፅ መጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ሞኖ ይባላል። አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ ኢንጂነር ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ተዋናዩ ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁ ግን ካለበት ንቅንቅ አለማለቱ እንዳልተዋጠለት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1931 ለስቴሪዮ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ1940 ዲዝኒ «ፋንታዚያ»ን ሲያሳይ በተመረጡ አዳራሾች ዙሪያውን ስፒከር ተከለ። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ወጣ፤ ዛሬ 5.1 የምንለው ማለት ነው። አምስቱ ከፊትና ከኋላ ላሉት ስፒከሮች፣ «ነጥብ አንዷ» ደግሞ ለሰብዉፈሩ። በ1996 ጃፓን ውስጥ ዲቪዲ ለገበያ ሲቀርብ ነገሩ ወደ ሳሎን የሚገባበት በር ተከፈተ።

እኛ ጋ የዘፈኑም የመንዙማውም ዋና ተሸካሚ ለብዙ ዓመታት ካሴት ነበር። ካሴት ደግሞ በአንድ ገጽ ቢበዛ ሁለት መስመር ነው የሚይዘው፤ ግራና ቀኝ። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ቢገለበጥም ሦስተኛ መስመር ከየት ይመጣል? የኋላ ስፒከራችሁ ዝም ያለው የሚለው ነገር ስላልተሰጠው ነው።

የሚገርመው፣ መንዙማ ራሱ ከመሠረቱ ዙሪያውን የሚሰማ ነው። ወሎ ውስጥ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ሐድራ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ድቤው ከአንድ ወገን፣ ጭብጨባው ከየአቅጣጫው። መሀል የተቀመጠ ሰው ከጀርባውም ይሰማል። አንድ ማይክ ፊት ለፊት ሲቆም ያ ሁሉ ክብ ወደ አንዲት ነጥብ ይጨመቃል።

ስለዚህ መፈተሽ ስትፈልጉ በ5.1 የተሠራ ፊልም ክፈቱ። ያኔም የኋላው ዝም ካለ ገመዱን እዩ፤ ከዲሽ ሪሲቨር የሚመጣው ቀይና ነጭ ገመድ ሁለት ቻናል ብቻ ያሳልፋል፣ ኦፕቲካል ወይም ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል። ሪሞቱ ላይ ያለው «ፕሮ ሎጂክ» የኋላውን ያናግረዋል፣ ግን ከሁለቱ ላይ አስልቶ ነው እንጂ የጠፋውን ክብ አይመልስም። የሞኖ ካሴት ግን አንድ ጥሩ ጥቅም አለው፦ በሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ክፈቱትና እኩል ርቀት ላይ ተቀመጡ። ድምፁ መሀል ላይ ካልቆመና ቤዙ ከሳሳ፣ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጧል።

ሽቦው በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ያልተቀዳ ድምፅን ግን የትኛውም ሪሲቨር አያወጣውም። ዛሬ አራት ቻናል ለየብቻ የሚቀዳ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ሐድራው ላይ አውጪው ሽማግሌ ገና በሕይወት እያሉ ይህን መሀል ላይ ያስቀመጠ ልጅ፣ ለኋላው ስፒከር የሚለው ነገር ሰጠው ማለት ነው።